ጦስኝ፣ ባህር ዛፍና በርበሬ፦ የመዓዛማ ዘይቶች ጥምረት ለጤና ምን ያህል ይጠቅማል?

በቅርቡ ከጃፓን የተሰማ የቤተ ሙከራ ውጤት ብዙ ሰው አነጋግሯል። የቶኪዮ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በናና ውስጥ ያለውን ሜንቶል፣ በባህር ዛፍ ውስጥ ያለውን ሲኒዮልና በበርበሬ ውስጥ ያለውን ካፕሳይሲን ለየብቻ፣ ቀጥሎም እያጣመሩ በአይጥ የመከላከያ ሴሎች ላይ ሞከሩ። ሙከራው ያተኮረው በብግነት ላይ ነው። ብግነት ሰውነት ለጉዳት ወይም ለተሕዋስያን የሚሰጠው የማበጥ፣ የመቅላትና የማቃጠል ምላሽ ሲሆን፣ ሲራዘም ለብዙ ሥር የሰደዱ ሕመሞች መነሻ ይሆናል። ካፕሳይሲን ከሜንቶል ወይም ከሲኒዮል ጋር ሲጣመር ብግነትን የማፈን አቅሙ ንጥረ ነገሮቹ ለየብቻ ካሳዩት እጅግ በልጦ ተገኘ።

ለጎጃም ሰው ይህ ዜና ከቤቱ የራቀ አይደለም። የቡሬና የወምበርማ ማሳ በርበሬ ያበቅላል፣ ሜጫ በባህር ዛፍ ተሸፍኗል፣ የጮቄ ተራራ ደጋ ጦስኝ ያወጣል። በየጓሮው ጤና አዳምና ዳማ ከሴ አይጠፋም። ስለዚህ ዜናው በደረሰበት ሁሉ ሁለት ዓይነት መልስ ያስነሣል። አንዱ «አባቶቻችን ያወቁትን ሳይንስ አሁን ደረሰበት» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «የአይጥ ሴል ነው፣ ለሰው ምን ይፈይዳል» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ችኩል ናቸው። ንጥረ ነገሮች ሲጣመሩ ጠባያቸው እንደሚለወጥ በደንብ የተረጋገጠ ነገር ነው። ሆኖም ለውጡ የሚወሰነው በምጣኔው፣ በመጠኑና በሚወሰድበት መንገድ ነው። በሰው ላይ ውጤት ያሳዩት ጥቂት ድብልቆችም እነዚህ ሦስቱ አስቀድመው የታወቁላቸው ናቸው።

መዓዛማ ዘይት ሲባል

የጦስኝ ቅጠል በአጉሊ መነጽር ሲታይ በገጹ ላይ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነው ይታያሉ። እያንዳንዷ ዕጢ በስስ ሽፋን የታሸገ ዘይት ይዛለች። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ዘይቱም ወዲያው ወደ አየር ይተናል። የምናሸተው እሱን ነው። ተክሉ ይህን ዘይት የሚያመርተው ከነፍሳት፣ ከፈንገስና ከሚግጡት እንስሳት ራሱን ለመጠበቅ ነው፤ ተሕዋስያንን የመግደል ጠባዩም ከዚያው የመጣ ነው።

በውጭ ቋንቋ ኤሴንሺያል ኦይል የሚባለው ይህ ነው። ዘይት ይባል እንጂ ከኑግና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ቅባቱ ይቀራል፣ መዓዛማው ግን ተንኖ ይጠፋል። ከቅጠሉ የሚለየውም በእንፋሎት ነው። ቅጠሉ በፈላ ውኃ እንፋሎት ይመታል፣ እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ በቱቦ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ አንድ ዘይት ራሱ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ መሆኑ ነው። የጦስኝ ዘይት ታይሞል፣ ካርቫክሮል፣ ፓራ ሳይሚንና ሌሎችንም ይዟል። በባህር ዛፍ ዘይት ውስጥ ሲኒዮል ይበዛል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት መስፈርት ለመድኃኒትነት የሚውል የባህር ዛፍ ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል እንዲኖረው ያስገድዳል። የቅርንፉድ ዋና ንጥረ ነገር ዩጂኖል፣ የድንብላል ሊናሎል፣ የጠጅ ሣር ደግሞ ሲትራል ነው። ነጭ አዝሙድ እንደ ጦስኝ ሁሉ ታይሞል አለው፣ ኮረሪማም እንደ ባህር ዛፍ ሲኒዮል አለው። ስለዚህ በስም የተለያዩ ሁለት ቅመሞችን የሚቀላቅል ሰው አንዱን ንጥረ ነገር ብቻ እያበዛ ሊሆን ይችላል። የበርበሬው ካፕሳይሲን ግን የማይተን በመሆኑ ከመዓዛማ ዘይት ወገን አይቆጠርም፤ በጃፓኑ ሙከራ የገባው እንደ ሌላ የተክል ንጥረ ነገር ነው።

ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ ነገርም አለ። ሁለት ጦስኞች በመልክ አንድ ሆነው በኬሚካል ይዘት ሊለያዩ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ጦስኝ በአንዱ ቦታ ታይሞል የሚበዛበት፣ በሌላው ካርቫክሮል የሚበዛበት ሆኖ ይገኛል። ሳይንሱ ይህን ልዩነት ኬሞታይፕ ይለዋል። ከፍታው፣ አፈሩ፣ የተለቀመበት ወቅትና የደረቀበት መንገድ ሁሉ ይዘቱን ይለውጣሉ። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ጦስኝና በጥላ ሥር የደረቀ ጦስኝ እኩል ዘይት አይኖራቸውም። በአንድ ኩባያ ሻይ ላይ «ይህን ያህል ጨምሩ» የሚል ምክር ሁልጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሲጣመሩ ምን ይሆናሉ?

ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲገናኙ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። የመጀመሪያው ድምር ነው፤ የሁለቱ ኃይል ይደመራል እንጂ ምንም ትርፍ አይመጣም። ሁለተኛው መጠላለፍ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያዳክማል። ሦስተኛው ሲነርጂ ይባላል፤ ጥምረቱ ከሁለቱ ድምር በልጦ ይገኛል። አንድ በሬ ብቻውን ሞፈር ስቦ ማሳ አያርስም፤ ሲጠመዱ ግን ሁለቱ የሚያርሱት የአንዱ እጥፍ ነው ሊባል አይችልም፣ የአንዱ ብቻውን ባዶ ነበርና። ሲነርጂ የሚባለው ይህን የመሰለው ትርፍ ነው።

ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ስሌት አለው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለብቻው ባክቴሪያውን ለማቆም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን ይለካል። ከዚያ ሁለቱ በተለያየ ምጣኔ ይጣመሩና በጥምረቱ ውስጥ የእያንዳንዱ መጠን ምን ያህል እንደቀነሰ ይታያል። ለምሳሌ አንዱ ለብቻው 200 ማይክሮግራም ያስፈልገው የነበረ በጥምረት ወደ 50 ቢወርድ ድርሻው 0.25 ይሆናል። ሌላው ከ400 ወደ 100 ቢወርድ የእሱም 0.25 ነው። ድምሩ 0.5 ሆነ ማለት ነው። በተለመደው መስፈርት ድምሩ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሲነርጂ ይባላል፣ ከ4 በላይ ከሆነ መጠላለፍ ነው። በመካከሉ ያለው ሰፊ ቦታ ግልጽ የሆነ መደጋገፍም መጋጨትም ያልታየበት ነው። ብዙ ድብልቆች የሚያርፉት እዚያ መካከል ላይ ነው፤ ማስታወቂያዎች ግን ሁሉንም ሲነርጂ ይሉታል።

በደንብ ከተጠኑት ምሳሌዎች አንዱ የጦስኝ ዘይት ንጥረ ነገሮችን ይመለከታል። ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን ሰርስሮ ይገባል። ሽፋኑ ሲላላ ባክቴሪያው ፖታሲየምና ሌሎች የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች መያዝ ያቅተዋል፣ የኃይል ክምችቱም ይመናመናል። ፓራ ሳይሚን በአንጻሩ ለብቻው ደካማ ነው፣ ባክቴሪያን ለመግደል ብዙም አይረባም። ግን ሽፋኑን ያሳብጠዋል። ባሲለስ ሴረስ በተባለ ምግብ መራዥ ባክቴሪያ ላይ ሁለቱ አብረው ሲሞከሩ፣ ፓራ ሳይሚን ያሳበጠው ሽፋን ለካርቫክሮል መግቢያ ሆነ፤ የመግደል አቅሙም ጨመረ። ለብቻው «የማይረባ» የተባለ ንጥረ ነገር በቡድን ውስጥ ሥራ አገኘ። ታይሞልና ካርቫክሮል ግን ሁለቱም ብርቱ ሆነው ሳለ ሲጣመሩ የታየው በአብዛኛው ድምር ብቻ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ስለሆነ አንዱ ለሌላው የሚከፍትለት አዲስ በር የለም።

የጃፓኑ ውጤት ከዚህ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። በሴሎች ሽፋን ላይ ትሪፕ የሚባሉ በሮች አሉ፤ ቅዝቃዜን፣ ሙቀትንና ማቃጠልን የምንሰማው በእነሱ ነው። ናና አፍን የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል ከነዚህ አንዱን ስለሚከፍት ነው። በሙከራው ሜንቶልና ሲኒዮል በእነዚህ በሮችና በካልሲየም ምልክት በኩል ሲሠሩ፣ ካፕሳይሲን በእነዚያ ሴሎች ውስጥ ሌላ መንገድ የተከተለ መሆኑን ተመራማሪዎቹ አመልክተዋል። መንገዳቸው ሲለያይ የመደጋገፍ ዕድላቸው ይሰፋል። ይህ ለወደፊት ምርምር ጥሩ ፍንጭ ነው። ሆኖም በሳህን ላይ ያለ ሴል ሆድ የለውም፣ ጉበትም የለውም። ልዩነቱ የት ላይ እንደሚመጣ ከታች እናያለን።

በሰው ላይ የተፈተኑት ጥቂቶች

በሰው ላይ ከተፈተኑት ድብልቆች ምናልባት የረጅሙ ዕድሜ ባለቤት ሊስተሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ምርት አራት ንጥረ ነገሮችን ይዟል፦ ታይሞል 0.064 በመቶ፣ ሲኒዮል 0.092 በመቶ፣ ሜንቶል 0.042 በመቶና ሜቲል ሳሊሲሌት 0.060 በመቶ። ጥርስን ከመቦረሽ ጋር ተጨምሮ ሲሠራበት በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻና የድድ ብግነትን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቁጥሮቹን ልብ ይሏል፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። መሥራት የቻለውም በቀጥታ ባክቴሪያው ካለበት ቦታ ስለሚደርስና ተጉመጥምጦ ስለሚተፋ ነው።

ሌላው የሳል መድኃኒት ነው። በጀርመን በ361 አዋቂ የብሮንካይተስ ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ የታይም ጭማቂና አይቪ ከተባለ ተክል ቅጠል የወጣ ጭማቂ የተደባለቀበት ፈሳሽ ከአስመሳይ መድኃኒት ጋር ተነጻጸረ። ታይም የጦስኝ የአውሮፓ ዘመድ ነው። ከሳምንት በኋላ የሳሉ ብዛት ድብልቁን በወሰዱት ላይ በ68.7 በመቶ፣ አስመሳዩን በወሰዱት ላይ በ47.6 በመቶ ቀነሰ። ሁለት ነገር ከዚህ ይወጣል። አንደኛ፣ ድብልቁ ጠቅሟል። ሁለተኛ፣ ምንም መድኃኒት ያልወሰዱትም ሳላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል፤ ብሮንካይተስ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሻላልና። ጎረቤት «ጦስኝ ጠጥቼ ዳንኩ» ሲል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በአንድ ሰው ታሪክ መለየት አይቻልም። ሙከራው ራሱም ታይምን ለብቻው ከድብልቁ ጋር ስላላነጻጸረ፣ ድብልቁ መጥቀሙን እንጂ ሲነርጂ መኖሩን አላሳየም።

ለሆድ መነፋትና ከምግብ በኋላ ለሚሰማ ምቾት ማጣት ደግሞ 90 ሚሊግራም የናና ዘይትና 50 ሚሊግራም የካራዌይ ዘይት የያዘ እንክብል በአውሮፓ ተፈትኖ ጥቅም አሳይቷል። ካራዌይ የድንብላልና የነጭ አዝሙድ ዘመድ የሆነ ዘር ነው። እንክብሉ ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሸፈነ ነው፤ አለዚያ የናናው ዘይት ቃርን ያባብሳል።

በጎጃም ጓዳ ያለው ድብልቅ

ፀሐይ ውሎ የመጣ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰውና ከንፈሩ ሲቆስል ምች መታው ይባላል። ዳማ ከሴ ከጓሮ ይቀጠፋል፣ በመዳፍ መካከል ይታሻል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል። አረንጓዴው ጭማቂ ቡና ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ የቀረው ግንባርና ክንድ ይቀባል፣ ዝቃጩ ይሸተታል። አንዳንድ ቤት ጤና አዳም ይጨመርበታል። የዳማ ከሴ ጭማቂ በአይጦች ላይ ሲሞከር ትኩሳት የማብረድ አቅም አሳይቷል፤ ስለዚህ ልማዱን ከንቱ ማለት አይቻልም። ደብተራውም በብራና የጻፈው የመድኃኒት ዝግጅት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ተክል አጣምሮ የሚያዝ ነው፤ የማጣመር ሐሳብ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም።

ነገር ግን በቤት የሚጠጣውና በቤተ ሙከራ የሚሞከረው አንድ ዕቃ አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የአውሮፓ መስፈርት አንድ ኪሎ ደረቅ ታይም ቢያንስ 12 ሚሊሊትር ዘይት እንዲወጣው ይጠይቃል። በዚህ ስሌት ሁለት ግራም ደረቅ ቅጠል ያለበት አንድ ስኒ ሻይ 0.024 ሚሊሊትር ገደማ ዘይት፣ ማለትም አንድ ጠብታ የማይሞላ ይኖረዋል። ከዚያም ላይ ዘይቱ በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ ከፊሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ በተለይ ጀበናው ወይም ድስቱ ሳይከደን ሲፈላ። በአንጻሩ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊሊትር ንጹሕ ዘይት፣ ወደ 400 ግራም የሚጠጋ ደረቅ ቅጠል ያፈራው ነው። በሻይ የለመደ ሰው ዘይቱንም በማንኪያ ቢለካ ከሁለት መቶ ስኒ በላይ በአንድ ጉንጭ ዋጠ ማለት ነው።

ሻዩ ደካማ ነው ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። በውኃ የሚሟሙ እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድና ፍላቮኖይድ ያሉ ንጥረ ነገሮች በሻዩ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፣ እነሱም ብግነትን የመቀነስ ጠባይ አላቸው። ትኩሱ ፈሳሽ ራሱ ጉሮሮን ያርሳል፣ አክታን ያላላል። የጦስኝ ሻይ የሚያሳርፈው ሰው ካለ ምክንያቱ ምናልባት እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ናቸው። ያኔ ስለ ዘይቶች ጥምረት የወጣ ዜና ስለዚያ ሻይ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከሆድ በኋላ ያለው መንገድም አለ። ታይሞል የያዘ ዝግጅት የዋጡ ጤነኛ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር ነጻ ታይሞል አልተገኘም፤ የተገኘው አንጀትና ጉበት ለውጠው ያወጡት ታይሞል ሰልፌት ነው። የተለወጠው ቅርጽ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሠራል ተብሎ አይገመትም። በሳህን ላይ ባክቴሪያን የሚገድል መጠን በደም ውስጥ እንዲደርስ ለማድረግ መርዛማ የሚሆን ብዛት መዋጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በአፍ፣ በቆዳ፣ በአንጀት ወይም በመተንፈሻ ቧንቧ ላይ በቀጥታ የሚደርሱ ዝግጅቶች ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ያገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

ጉዳትም ይጣመራል

ሁለት ተክል ሲጣመር ጥቅሙ ይበረታል ብሎ የሚያምን፣ ጉዳቱም በዚያው መንገድ ሊበረታ እንደሚችል መቀበል አለበት። ይህ ክፍል ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ሰፋ ይበል።

ንጹሕ የባህር ዛፍ ዘይት በአፍ ሲወሰድ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ጥቂት ሚሊሊትር እንኳ የሚያንቀጠቅጥና ራስን የሚያስት ሆኖ ይገኛል። ካምፎር ያለባቸው ቅባቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሜንቶል በሕፃን አፍንጫ ሥር ሲቀባ ጉሮሮን ጨብጦ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ባህር ዛፍ ቀቅሎ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መታጠን በኮሮና ጊዜ በየቤቱ ተለምዶ ነበር። አፍንጫ ይከፍታል፣ ቫይረስን ግን አይገድልም። ድስቱ ተደፍቶ ሕፃናትን የማቃጠሉ አደጋ ደግሞ ከዘይቱ ይልቅ ያሳስባል።

ጤና አዳም በቡና ላይ አንዲት ቅንጣት ሲጣል ችግር የለውም። በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ልትሸሸው ይገባል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ ያወጣል። የምች መድኃኒት ብሎ ዳማ ከሴና ጤና አዳም ፊት ላይ ቀብቶ ወደ ማሳ መመለስ ከዚህ የተነሣ ጥሩ አይደለም።

ጦስኝ ለደም ግፊትና ለስኳር ይጠቅማል ተብሎ በሰፊው ይጠጣል። የግፊት ወይም የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ላይ ይህ ልማድ ተጨማሪ ድብልቅ መሆኑ አይታሰብም። ክኒኑና ተክሉ አብረው ግፊቱን ወይም ስኳሩን ከሚፈለገው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ሐኪሙ ካልተነገረው ራስ ማዞሩን በክኒኑ ያሳብባል፣ ወይም መጠኑን ሳያውቅ ይለውጣል። ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል ሻዩንም ቢናገር ነገሩ ይቀላል፤ ጠያቂውም ሳይቆጣ ቢጠይቅ።

ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ እስከ ጃዊ ድረስ ትኩሳትና ራስ ምታት ምች ብቻ አይደለም፣ ወባም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ዳማ ከሴ ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ቢያበርደው ጥገኛ ተሕዋሱ በደም ውስጥ መራባቱን አያቆምም። በቆላ ያተኮሰው ልጅ በመጀመሪያ የጣት ደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

የወባ ሕክምና ራሱ የጥምረት ሕክምና መሆኑ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። አርቴሚሲኒን ከቻይና የአርቴሚሲያ ተክል የተለየ ሲሆን፣ ለዚህ ግኝት ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኮአርተም በአንድ ክኒን 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን አለው። አንዱ ፈጥኖ ጥገኛውን ይቀንሳል፣ ሌላው በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፈውን ይጨርሳል፣ መላመድንም ያዘገያል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ አይመክርም። ንጥረ ነገሩ በሻዩ ውስጥ ጥቂትና የሚዋዥቅ ስለሆነ ሕመሙን ሳያድን ጥገኛውን መድኃኒት ሊያለማምደው ይችላል።

ሁለቱ ወገኖች

ተክሉ እንዳለ ይወሰድ የሚሉ ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ከላይ ያየነው ፓራ ሳይሚን ምስክራቸው ነው፤ ዋናውን ንጥረ ነገር ለብቻው አውጥቶ ሌላውን የጣለ ሰው አጋዡን አብሮ ይጥላል። በተጨማሪም ትውልዶች የሞከሩት ነገር ቢያንስ በተለመደው መጠን ወዲያው እንደማይገድል ልምድ ያሳያል።

ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ይለካ የሚሉትም እውነት አላቸው። ተክሉ እንዳለ ሲወሰድ አጋዡ ብቻ ሳይሆን ጎጂውም ይከተላል። በአንዳንድ የበሶብላ ዓይነቶች ውስጥ ያሉት ሜቲል ዩጂኖልና ኤስትራጎል በብዛት ሲሰጡ በእንስሳት ላይ ካንሰር አስከትለዋል። በወጥ ላይ የሚነሰነሰው ጥቂት ስለሆነ የሚያሳስብ አይደለም፣ የተጣራው ዘይት በየቀኑ ሲዋጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የትውልድ ልምድም ፈጣን ጉዳትን እንጂ ከዓመታት በኋላ የሚታይ የጉበት ወይም የፅንስ ጉዳትን ለመለየት አይበቃም።

ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋድላል ባይ ነኝ፣ አንድ ነገር ተጨምሮበት። መለካት ማለት ወደ አንድ ንጥረ ነገር ማውረድ ማለት አይደለም። ድብልቁን እንደ ድብልቅ መለካት ይቻላል፤ ሊስተሪንም የናናና የካራዌይ እንክብልም የተሠሩት እንደዚያ ነው። በጓዳ የሚዘጋጀው የጦስኝና የዝንጅብል፣ የዳማ ከሴና የጤና አዳም ድብልቅም በዚሁ መንገድ ሊፈተን ይችላል። ለየብቻ፣ በጥምረት፣ በሚጠጣበት ቅርጽና በሚጠጣበት መጠን፤ ዘይቱ ሳይሆን ሻዩ፣ የጀርመኑ ታይም ሳይሆን የጮቄው ጦስኝ።

ለጮቄ ምን ያመጣል?

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት በአገር ውስጥ አለ። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና መድኃኒታዊ ተክሎች ላይ ይሠራል፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የባህል መድኃኒትን ያጠናል፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ለጮቄ ቅርብ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 የባህል መድኃኒትንም በቁጥጥሩ ሥር ያደርጋል። የኅብረተሰቡን ዕውቀት በሚመለከት ደግሞ አዋጅ 482/1998 የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ሲወሰድ ፈቃድና የጥቅም ተካፋይነት እንዲኖር ይደነግጋል። አንድ የውጭ ኩባንያ ነገ የጮቄን ጦስኝ ከሌላ ዘይት ጋር አጣምሮ መድኃኒት ቢያወጣ፣ በጮቄ ሥር ላለው የሲናን ወረዳ ገበሬ ምን ይደርሰዋል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ አዋጅ ነው።

ፍላጎቱ ሲጨምር ግን በመጀመሪያ የሚጎዳው ተክሉ ነው። ጦስኝ በብዛት የሚለቀመው ከዱር ነው። መሬት ላይ ተጠግቶ የሚያድግ ስለሆነ በችኮላ ሲነቀል ሥሩ አብሮ ይወጣል፣ ተዳፋቱም አፈሩን የሚይዝለት ያጣል። ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚነሡበት፣ በእርሻና በግጦሽ አስቀድሞ የተራቆተ ተራራ ነው። ጦስኝ ከቁርጥራጭ ግንድ ይባዛል፤ ከአፈሩ ጥቂት ጣት ከፍ ተደርጎ በማጭድ ሲታጨድም መልሶ ያቆጠቁጣል። በጓሮ መደብ ላይ ያለማው ገበሬ በአንድ ወቅት አጭዶ በጥላ ሥር ካደረቀው፣ ይዘቱ የማይዋዥቅ ምርት ይኖረዋል። መድኃኒት ሠሪ ወይም ተመራማሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ከየት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደታጨደ፣ ታይሞሉ ስንት፣ ካርቫክሮሉ ስንት እንደሆነ ጆንያው ላይ የተጻፈበት ጦስኝ። በአሁኑ ገበያ ከዱር የተነቀለውም፣ ከጓሮ የታጨደውም፣ ዓመት የከረመውም በአንድ ጆንያ ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ገበሬው ለይቶ ቢያቀርብም የሚከፈለው ጭማሪ እስካሁን የለም።